ስኳር ድንች ለአስተርእዮ

«ውረድና እንደገና ውጣ» አለችው ሚስቱ የብርጓል።

አምሳሉ ከሚዛኑ ወረደ። ጋቢውን አስወልቃው በስስ ሸሚዝ ብቻ ስለቀረ ጥርሱ ይንቀጫቀጫል። የጥር ጠዋት ነው፤ ሮብ ገበያ ደግሞ የጮቄን ተራራ ተንተርሳ የተኛች ከተማ ስለሆነች የጥርን ብርድ ለብቻዋ የተረከበች ትመስላለች። ከቤታቸው ጀርባ ባለው መጋዘን፣ በገብስና በስንዴ ጆንያ መካከል የቆመው ሚዛን ኩንታል የሚመዘንበት ነው። ላለፉት ስድስት ሳምንታት ግን ከእህሉ ይልቅ የእህሉን ነጋዴ ሲመዝን ከርሟል።

«ገብስም ሁለቴ ተመዝኖ አያውቅ» አለ አምሳሉ ተመልሶ እየወጣ። «አንቺን የመሰለ መዛኝ ገበያው ላይ ቢኖር እኮ እኛ ነጋዴዎቹ ለምነን እናድር ነበር።»

የብርጓል አልሳቀችም። የሚዛኑን ብረት በጣቷ ገፋ አደረገችው፤ ዘንጉ ተወዛወዘና ቆመ። ስድሳ ስድስት ኪሎ ተኩል። ሰኞ ዕለት ስድሳ አራት ነበር። ማክሰኞ ለድግሱ ስትዋከብ ዋለች፤ ትናንት ሮብ ደግሞ ሚዛኑ ራሱ ገበያ ወጥቶ ዋለ። ሁለት ቀን ዓይኗን ከላዩ ብታነሳ ይኸው ሁለት ኪሎ ተኩል ጨምሮ ጠበቃት።

ተንበርክካ የቀኝ እግሩን ቅልጥም በአውራ ጣቷ ጫን አድርጋ ለቀቀችው። ጣቷ የነበረበት ቦታ ሊጥ እንደ ጫኑት ጎድጉዶ ቀረ። አምሳሉም አየው፤ አይቶም ጋቢውን ፍለጋ ዞረ።

«ሌሊት ትራስ ጨምረሃል?» አለችው።

«አንድ።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ድግስ ላይ ነሽ ብዬ ነዋ።»

ድግስ ላይ መሆኗስ እውነት ነው። ዕለቱ ጥር ሃያ አንድ፣ አስተርእዮ ማርያም፤ የማርያም ማኅበር ተራው የእነሱ ነው። ከቅዳሴ በኋላ ሃያ አራት ማኅበርተኛ ከነቄሱ እዚህ ቤት ይገባል። ጠላው ደርሷል፣ ዳቦው ተደፍቷል፣ ዶሮው ታርዷል። ነገር ግን የብርጓል በዚያች ሰዓት ድግሱን ረስታው ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። ፊቷ ድቅን ያለው ኅዳር ነው።

ኅዳር ላይ አምሳሉ ሌሊት ተነስቶ «አየር አጣሁ» ብሎ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ፤ እስኪነጋም መተኛት አልቻለም። ማርቆስ ሆስፒታል ወስደው ዘጠኝ ቀን አስተኙት። የልብ ድካም ነው ተባለ። ሊወጣ ሲል ሲስተር ሕሊና የምትባል ነርስ፣ ዕድሜዋ ከየብርጓል ልጆች የማይበልጥ ልጅ፣ ኮሪደሩ ላይ ለብቻዋ አስቀምጣ ሁሉን ነገር አስረዳቻት። ልቡ ደክሟል፤ ውሃውን መግፋት ሲያቅተው ውሃው መጀመሪያ እግር ላይ ይወርዳል፣ ከዚያ ሳንባ ላይ ይወጣል፤ ጨው ደግሞ ውሃ ጠሪ ነው። ጨው ከቤትሽ ይውጣ፣ ቅቤና ጮማም እንደዚሁ፤ ክኒኑ በሰዓቱ፤ በየጠዋቱ ይመዘን። በሦስት ቀን ሁለት ኪሎ ከጨመረ ሥጋ እንዳይመስልሽ፣ ውሃ ነው፤ ያን ጊዜ ነገ ዛሬ ሳትዪ ደውዪልኝ አለቻት። የብርጓል ሁሉን በልቧ ያዘችው። ሚዛን እንኳ ቤታችን ሞልቷል ብላ አሰበች።

ጨው የሌለው ምግብ ግን አምሳሉን እንዴት አድርጎ ይግባው። ያለ ጨው የተሠራውን ሽሮ አንዴ ቀምሶ ትሪውን ገፋ አደረገው። ድንች ቀቀለችለት፤ ያ ዘርተውት ያደጉበት፣ ሮብ ገበያ በኩንታል የምትጭነው ድንች ያለ ጨው ሲቀርብለት «ጭቃ ነው» አለ። ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ የሚባለው ለካ ለሰውም ነው ብሎ ቀለደ፤ ቀልዶም ሳይበላ አደረ። በሦስተኛው ቀን የብርጓል ለሲስተር ሕሊና ደወለች። ነርሷም ስኳር ድንች ሞክሪለት፣ በራሱ ጣፋጭ ስለሆነ ጨው አይጠይቅም፣ ልቡንም ያግዘዋል፣ ኩላሊቱንም ስላየነው አይጎዳውም አለቻት።

ስኳር ድንች ሮብ ገበያ ብርዱ ስለሚገድለው አይበቅልም። ከቆላው ወደ ማርቆስ ገበያ ይመጣል፤ ከማርቆስ በሚኒባስ ታስመጣዋለች። የድንች አገር ሰው ድንች ከሌላ አገር ሲያስመጣ ጎረቤቱ ምን እንዳለ መገመት አያስቸግርም። እሷ ግን ሳቁን ከምንም አልቆጠረችው። ከነልጣጩ በእንፋሎት አብስላ፣ ላጥ አድርጋ ስታቀርብለት አምሳሉ በላው። በማግስቱም በላው። ከባቄላ ጋር፣ ከጎመን ጋር፣ ለብቻውም በላው። እብጠቱ ወረደ፣ ሌሊት ትንፋሽ እንዳያጥረው የሚደራርበው ትራስ ከሦስት ወደ አንድ ቀነሰ፣ ገና በዓልንም በሰላም ተሻገረ። እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ።

የብርጓል እዚያው መጋዘን ውስጥ ቆማ ስልኳን አወጣችና ደወለች። ሲስተር ሕሊና ትንፋሹን፣ እግሩን፣ ትራሱን ሁሉ ጠየቀቻት። ጨው የሚያገኝበት ቦታ አለ፣ ከየት እንደሆነ እወቂ አለቻት። ነገ በጠዋት ይዘሽው ነይ፤ ዛሬ ተንጋልሎ መተኛት ካቃተው ወይም ትንፋሹ ካጠረ ደግሞ ነገን እንዳትጠብቂ፤ እስከዚያው አንዲት ቅንጣት ጨው አፉ እንዳትገባ አለች። የብርጓል ስልኩን ዘግታ ወደ ባሏ ዞረች። አምሳሉ ጆንያ ላይ ተቀምጧል። ለሠላሳ ዓመት አብራው ስትኖር አንድ ነገር አውቃለች፤ አምሳሉ መዋሸት ሲያቅተው ዓይኑ የተደበቀውን ዕቃ ይጠቁማል። አሁንም ዓይኑ ወደ ጥጉ፣ ወደ ስንዴው ጆንያ ይሄዳል።

ሄዳ እጇን ከጆንያው ኋላ ሰደደች። አገልግል ነው። ስትከፍተው በቅቤ የራሰ የገብስ ዱቄት ሽታ አፍንጫዋ ውስጥ ገባ።

«ይሄ ምንድን ነው አምሳሉ?»

«ጭኮ።»

«ጭኮ መሆኑንማ አፍንጫዬም ነግሮኛል። ማን አመጣው?»

በጋቢው ጫፍ እየተጫወተ «እታለም ናት» አለ።

እታለም የሚላት ታላቅ እህቱ ወለተ ሰንበት ናቸው። ከጮቄ ግርጌ ካለው ቀበሌያቸው ባለፈው እሑድ መጥተው ነው፤ በአንድ በኩል በሽተኛ ሊጠይቁ፣ በሌላ በኩል ለድግሱ ሊያግዙ። እናታቸው ሲሞቱ አምሳሉ ገና ጡት አልጣለም ነበር፤ ወለተ ሰንበት የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበሩ። ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። ባል ያገቡት እንኳ ዘግይተው ነው፣ እሱን ትቼ አልሄድም ብለው።

«አንቺ ቤተ ክርስቲያን ልትሳለሚ ስትወጪ ትመጣለች» አለ አምሳሉ። «እንቢ አልኳት። በሞቴ አለችኝ። አሁንም እንቢ አልኳት፤ ደግማ በሞቴ አለችኝ። የብሬ፣ ያቺ ሴትዮ እያኘከች ያጎረሰችኝ ሴት ናት። እጇን እንዴት አድርጌ ልመልስ?»

«እኔስ? ስድስት ሳምንት ሙሉ የደከምኩበትን እጄን ምን ላድርገው?»

«አውቃለሁ።»

«አታውቅም። ኅዳር ላይ ያቺን ሌሊት አንተ አየር ስትፈልግ እኔ ምን ስፈልግ እንደነበር አታውቅም።»

አምሳሉ አንገቱን ደፋ። ቀስ ብሎም፣ እውነቱን ንገረኝ ካልሽኝ ስበላው ደስ ብሎኛል፣ እንደ ሰው የበላሁ መሰለኝ አላት። የብርጓል ይህን ስትሰማ ንዴቷ ግማሹ በረደላት፤ ግማሹ ግን የትም አልሄደም። አገልግሉን አንስታ ወደ ማድ ቤት አመራች። መንገድ ላይ ለራሷ አንድ ነገር ነገረች። ይሉኝታ ባሌን አይገድልብኝም፣ ሰው ምን ይለኛል ብዬ መበለት አልሆንም አለች።

ወለተ ሰንበት ትልቁ ድስት ላይ ጎንበስ ብለው የዶሮውን ወጥ ያማስላሉ። ስድሳ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው ቢባል ማን ያምናል፤ ክንዳቸው የወጣት ነው።

«እታለም፣ ጭኮውን አገኘሁት» አለቻቸው።

ማማሰያውን አላቆሙም። «እንዲበላ ነው የተሠራ» አሉ። «የቀረ ካለ አንቺም ቅመሺ።»

«ጨው አለበት። ቅቤውም እንዲሁ ተከልክሏል። ለአምሳሉ አይሆንም ብዬ እሑድ ማታ ነግሬዎታለሁ።»

«ነግረሽኛል። እኔም ሰምቻለሁ። አባታችን ቅቤውን በዋንጫ እየጠጡ ሰማንያ ሦስት ዓመት ኖረዋል። ደግሞ ፊቱን አላየሽም ልበል? እሑድ ስመጣ ጉንጩ ሰርጉዶ፣ አጥንቱ ወጥቶ ነው ያገኘሁት። ዛሬ ጠዋት ሳየው ተመስገን ፊቱ መለስ ብሏል። በአራት ቀን። አንቺ በስድስት ሳምንት ያከሳሽውን እኔ በአራት ቀን መለስኩት።»

የብርጓል ነገሩ ያኔ ነው የገባት። ሴትዮዋ ክፋት የለባቸውም፤ ውሃውን ሥጋ ነው ብለው ነው። ደግሞስ እሷ ራሷ ማን ናት? ኅዳር መባቻ ላይ የአምሳሉ ፊት ሞልቶ፣ ሱሪው ጠብቦት የሰፈሩ ሰው ሁሉ ሲያየው «ተመችቶሃል፣ ደልበሃል» ሲለው እሷም ከኋላ ሆና በኩራት ፈገግ ትል አልነበረም ወይ? ደልቧል ተብሎ የተመሰገነው ሰውዬ ለካ በውሃ እየሰመጠ ነበር። በዚህ አገር የሰው ጤና የሚለካው በጉንጩ ነው፤ ጉንጩ ደግሞ እንደዚህ ጉድ ይሠራል።

«አምሳሉ፣ ና እስቲ» ብላ ተጣራች።

መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። በርጩማ ላይ አስቀመጠችውና የሱሪውን ጫፍ ወደ ላይ ሰበሰበችው። ከዚያ በሕይወቷ አድርጋው የማታውቀውን አደረገች፤ የባሏን ታላቅ እህት እጅ ሳታስፈቅድ ያዘች። አውራ ጣታቸውን ቅልጥሙ ላይ አሳርፋ በራሷ ጣት ከላይ ጫነችው። ለቀቀችውና አብረው አዩት። ጉድጓዱ አልሞላም።

«ሥጋ እንዲህ አይሆንም እታለም» አለች። «ይሄ ውሃ ነው። ፊቱም ላይ መለስ ብሏል ያሉት ይሄው ነው። ኅዳር ላይም እኔ ደልቧል ብዬ ነበር። እኔም እንደ እርስዎ ነበርኩ።»

ወለተ ሰንበት ጉድጓዱን ለረጅም ጊዜ አዩት። ፊታቸው ላይ ምን እንዳለፈ የብርጓል ልታነበው አልቻለችም። ከዚያ የወንድማቸውን ሱሪ ራሳቸው ወደ ታች መልሰው፣ እግሩን በጋቢው ሸፈን አደረጉለትና ወደ ድስቱ ዞሩ።

«ወጡ ያርብኛል፤ ሂዱልኝ» አሉ።

ይኸው ብቻ። ሰምተዋል? አልሰሙም? የብርጓል ቆማ ለመጠየቅ ጊዜ አልነበራትም። ጥግ ላይ ካለው ሁለተኛው ድስት ክዳኑን አንስታ አየች። ሞልቶ እስከ አፉ ስኳር ድንች ነው፤ ቆዳው ቀይ፣ ሆዱ ቢጫ፣ በእንፋሎት እየበሰለ። ወለተ ሰንበትም ዓይናቸው ወደዚያ ሄደ፤ ይህ ሁሉ ለማን ነው ሲሉ ጠየቁ።

«ለማኅበሩ ነው።»

«ለማርያም ማኅበር?» አሁን ማማሰያውን አቆሙ። «የድንች አገር ሰዎች ሆነን ማኅበርተኛውን ድንች አበላን ይባል? እኔ እዚህ እያለሁ?»

«ዶሮው አለ፣ ዳቦው አለ፣ ጠላው አለ፤ የጎደለ ነገር የለም። ስኳር ድንቹ ግን በየትሪው ይቀመጣል። አምሳሉ የበሽተኛ ሳህን ለብቻው ይዞ ሰው ፊት አይቀመጥም እታለም። እሱ የሚበላውን ሁሉም ከበላው ምግብ ነው። እሱ ብቻ ከበላው መድኃኒት ይሆንበታል።»

ወለተ ሰንበት «የሰው መሳቂያ» ብለው ማማሰላቸውን ቀጠሉ።

ሰው ከቅዳሴ ሲመለስ ፀሐይዋ ሞቅ ብላ ነበር። ቤቱ ሞላ። የንስሐ አባታቸው ቄስ ወልደ ሚካኤል ከፍ ካለው መቀመጫ ላይ ተቀመጡ፤ አምሳሉ በስተቀኛቸው ሆነ። ጸሎት ተደረገ፣ ጽዋው ዞረ፣ ዳቦው ተቆረሰ። አምሳሉ ጠላውን በከንፈሩ ብቻ ነክቶ አሳለፈ፤ ይህን የብርጓል ከጓዳው በር አይታ አረጋግጣለች። ትሪዎቹ ሲቀርቡ በእያንዳንዱ ላይ ከዶሮ ወጡ ጎን አንድ ሳህን ስኳር ድንች አለ። አምሳሉና ቄሱ ፊት ያለው ትሪ ላይ ግን ሳህኑ ሁለት ነው፤ አንዱ ሙሉ በሙሉ የአምሳሉ፣ ጎመንና ባቄላም የተጨመረበት፣ ጨው ያልነካው።

አንዳንዱ ዓይኑን ተጠራጠረ። የአምሳሉ የገበያ ባልደረባ ገዳሙ፣ ነገር አይቶ ማለፍ የማይሆንለት ሰው፣ አንዱን ስኳር ድንች አንስቶ ገለባበጠው።

«የብርጓል፣ ይሄ ከየት አገር መጣ?» አለ።

«ከቆላ። በሚኒባስ።»

«ወይ ጊዜ። ድንቻችንን በመኪና እየላክን ድንች በመኪና እናስመጣ ጀመር?»

ቤቱ ሳቀ። ቄስ ወልደ ሚካኤል ግን ቀድመው አንዱን ልጠው አፋቸው ውስጥ ጨምረው ነበርና ሳቁ እስኪያልቅ ጠብቀው፣ ጣፋጭ ነው፣ ለጾምም ይሆናል፣ በዓቢይ ጾም ከየት እንደምናገኘው ትነግሪናለሽ አሏት። ቄስ የቀመሱትን ማን ይተዋል፤ ሌላውም እጁን ሰደደ። አምሳሉም ከሰው እኩል እየላጠ በላ። የብርጓል ልቧ መለስ አለላት። አለፈልኝ ማለት ጀመረች።

ገና አላለፈላትም። ገዳሙ የዋህ ሰው ነው፤ አፉ ግን ልጓም የለውም። አምሳሉን ትከሻውን መታ አድርጎ «ይገርማል እኮ» አለ። «ይሄ ሰውዬ እኮ ፈረሰኛ ሳይበላ ከገበታ የማይነሳ ሰው ነበር። አሁን በቤቱ፣ በገዛ ድግሱ፣ ዶሮው ፊቱ ተቀምጦ ድንች ይልጣል። ወይ አባወራነት!»

ሰው እንደገና ሳቀ። አምሳሉም አብሮ ሳቀ፤ እጁ ግን ስኳር ድንቹ ላይ እንዳለ ቆመ። የብርጓል ይህን ባየችበት ዓይን ወለተ ሰንበትንም አየች። የወጡን ሳህን ይዘው ትሪ ለትሪ እየዞሩ ሲጨምሩ ነበር። ገዳሙ ያለውን ሰምተዋል። ፊታቸው ተለዋወጠ። ያሳደጉት ልጅ ነው፤ በሃያ አራት ሰው ፊት በገዛ ቤቱ አባወራነቱ ሲቀለድበት እሳቸው ቆመው ሰሙ።

ከዚያ በኋላ ያደረጉትን አስበው ነው ያደረጉት ለማለት ይከብዳል። እጃቸው ነው የሄደው። ከሳህኑ ውስጥ የአባወራውን ብልት፣ ፈረሰኛውን አወጡ፣ እንጀራውን በደንብ አድርገው ወጡ ውስጥ አጠቀሱ፣ ጠቀለሉት፣ በሰው መሐል አልፈው ወንድማቸው ፊት ቆሙ።

«በሞቴ» አሉ።

ቤቱ ጸጥ አለ፤ በደስታ ነው ጸጥ ያለው። እህት ወንድሟን ልታጎርስ ነው፤ ማንም ይህን ማየት ይወዳል። ጉርሻው ትልቅ ነው፤ ወጡ በወለተ ሰንበት ጣቶች መካከል ወደ መዳፋቸው ይወርዳል። አምሳሉ ጉርሻውን አየ፣ እህቱን አየ። የብርጓል ያንን አስተያየት ታውቀዋለች፤ ጠዋት መጋዘን ውስጥ የነገራት እሱኑ ነው። ይህ ሰው ይህን እጅ መመለስ አይችልም፤ ሲስተር ሕሊና እዚህ ብትቆምም አይችልም። አሁን አፉን ሊከፍት ነው። ደግሞም ከፈተው።

የብርጓል በእጇ የነበረውን ማንቆርቆሪያ መሬት አስቀመጠች። ሁለት እርምጃ ነው የተራመደችው። በባሏና በእህቱ መካከል ጎንበስ አለችና የወለተ ሰንበትን እጅ አንጓ በሁለት እጇ ደግፋ፣ ጉርሻውን በራሷ አፍ ተቀበለችው።

ሰው እንዲህ ያለ ነገር አይቶ አያውቅም። የሌላ ሰው ጉርሻ መንገድ ላይ የጠለፈች ሴት በሮብ ገበያ ታሪክ ተሰምታ እንደሆነ አንድም ማኅበርተኛ አያስታውስም። የብርጓል አፏ ሞልቶ፣ ጉንጯ ተነፍቶ፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ በዝምታ ታኝካለች። ሃፍረቱ ከእግር ጥፍሯ እስከ ራስ ፀጉሯ ወረራት። አልሸሸችም። የወለተ ሰንበትን እጅ እንደያዘች አኝካ አኝካ ዋጠችው።

«ይቅር ይበሉኝ» አለች ድምጿ ሲወጣላት። «ወጡ እጅ ያስቆረጥማል። ግን አንድ ጉርሻ ያጣላል ይባላል እታለም። ይድገሙና ከራሱ ሳህን ለእሱ ያጉርሱት።»

ወለተ ሰንበት የወንድማቸውን ፊት አዩ፤ ጠዋት መለስ አለ ብለው ያመሰገኑበትን ሙሉ ጉንጩን። ከዚያ ወደ እግሩ ዝቅ ብለው አዩ፤ እግሩ ግን በጋቢ ተሸፍኗል። ከዚያ የገዛ እጃቸውን አዩት። ወጡ እስከ አንጓቸው ወርዷል።

«ውሃ አምጪልኝ» አሉ። «ልታጠብ።»

አንድ ሁለት ሰው እርስ በርሱ ተያየ። በገበታ መሐል ውሃ ጠይቆ እጅን መታጠብ ምን ማለት እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፤ ተቀይሜያለሁ፣ ከዚህ ቤት እህል አልቀምስም ማለት ነው። ቄስ ወልደ ሚካኤል «ወለተ ሰንበት፣ ልጄ…» ብለው ጀመሩ፤ አልጨረሱትም። የብርጓል ሠላሳ ዓመት ያከበረቻቸውን ሴት በሰው ፊት አዋርዳ መስደዷ ነው። ቢሆንም ይሁን አለች በሆዷ። ይቀየሙኝ፣ ይሂዱም፣ ዕድሜ ካለ ይታረቁኛል፤ እሱ ብቻ ይኑርልኝ።

ማንቆርቆሪያውንና ሳፋውን አመጣች። ወለተ ሰንበት እጃቸውን ዘረጉ። ሳሙና ጠየቁ፤ ሳሙና ሰጠቻቸው። ጣት በጣት፣ በጥፍራቸው ሥር ሳይቀር፣ እስከ አንጓቸው ድረስ አጥበው፣ አንዴ ከታጠቡ በኋላ እንደገና አፍስሺ አሏት። እንደገና አፈሰሰችላቸው።

በነጠላቸው ጫፍ እጃቸውን አደረቁ። ሁሉም ወደ በሩ ይሄዳሉ ብሎ መንገድ ሊለቅላቸው ገለል ገለል አለ። እሳቸው ግን አምሳሉ ጎን፣ በርጩማ ላይ ተቀመጡ። ወደ ዶሮው ሳህን አልተመለሱም። ከአምሳሉ ሳህን አንድ ስኳር ድንች መርጠው አነሱ፣ ልጣጩን ቀስ እያሉ አወጡለት፣ ትኩስ ስለነበር እፍ እፍ አሉበት።

«ጣቴ ላይ ወጥ ነበረበት» አሉ፣ ለማንም ሳይሆን ለገዛ እጃቸው የሚያስረዱ ይመስል። «ወጡ ጨው አለው።»

አምሳሉ አፉን ከፈተ።